«ልጄን ያመመው ምን ነበር?» — የደንጊ ትኩሳትና ደም የሚሰጥበት ቀን



በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2013 መሆኑ ነው፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩትን የአክስቴን የመጨረሻ ልጅ በድንገት ትኩሳት ያዘው። ልጁ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ጠዋት ደህና ሆኖ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከቀትር በኋላ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ። «ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋኝ ነገር አለ» ይላል። ወገቡንና እግሩን እንደተደበደበ ሰው ያመዋል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ትኩሳት ሲያይ አስቀድሞ የሚያስበው ወባን ነውና በሦስተኛው ቀን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት። ከጣቱ ደም ተወስዶ ለወባ ታየ፤ የለም ተባለ። ቀጥሎ ዋይዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ተደረገለት፤ እሱ ደግሞ አለ ተባለ። የታይፎይድ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ለሕመሙ ማስታገሻም የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጋ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። አክስቴም «አልሐምዱ ሊላህ» ብለው ሾርባ ሠሩለት። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን ልጁ ሆዱን ይዞ ያቃስት፣ ደጋግሞም ያስመልሰው ጀመር። ሌሊቱን ከድዱና ከአፍንጫው ደም ወጣ፤ እጅና እግሩም ቀዘቀዘ። ጎረቤት ቀስቅሰው በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሮጡ። አላህ አተረፈው፤ ግሉኮስ ተሰክቶለት ሦስት ቀን ተኝቶ ወጣ። ሲወጣ አክስቴ ሐኪሙን፣ «ለመሆኑ ልጄን ያመመው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙም እውነተኛ ሰው ነበርና፣ «እማማ፣ በዚህ ሰሞን ብዙ እንዲህ ያለ በሽተኛ እያየን ነው፤ የአንዳንዶቹ ደም ተልኳል፤ መልሱ ሲመጣ እናውቃለን» አላቸው።

መልሱ ለአክስቴ የደረሳቸው ከሳምንታት በኋላ በሬዲዮ ነው። በሽታው በቢምቢ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ደንጊ የሚባል ቫይረስ ነበር። በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ በላቦራቶሪ ተረጋግጦ ሲመዘገብ ያ የመጀመሪያው ሲሆን በድሬዳዋ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች እንደታመሙ ተገምቷል። በሽታው ከዚያ ወዲህ ከምሥራቁ የአገራችን ክፍል አልጠፋም። በ2014 ጎዴንና አፋርን፣ በ2023 ደግሞ ሎጊያንና ሚሌን ነካ (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 ድሬዳዋ እንደገና ተመታች፤ የዚያን ጊዜው ግን ቺኩንጉንያ የሚባል ሌላ ቫይረስ ነበር፤ ከ40 ሺህ ሰው በላይ ታሟል ተብሎ ተመዘገበ። ቺኩንጉንያ የሚለው ስም ከደቡብ ታንዛኒያ የማኮንዴ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በሕመም መቆልመምን፣ መጉበጥን ያመለክታል። በዚያ ዓመት በመጋላና በገንደ ቆሬ መንገዶች ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ሲሄዱ የታዩት ወጣቶች ስሙን በአካላቸው ተርጉመውታል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2024 ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት የተደረጉት የደንጊ ሕሙማን ከ14 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ተመዝግቦ አያውቅም።

መድኃኒት ከሌለው ስሙ ምን ያደርጋል?

ይህን ጉዳይ ለወጣቶች ሳነሣ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው። እውነት ነው፤ ደንጊን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕክምናው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞልና ጥብቅ ክትትል ነው። ታዲያ ለስሙ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ?

መልሱ በአክስቴ ልጅ ታሪክ ውስጥ አለ። ደንጊ ፕላትሌት የሚባሉትን፣ ደምን የሚያረጉትን ጥቃቅን አካላት ቁጥር ይቀንሳል። እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ማስታገሻዎች ደግሞ የቀሩትን ፕላትሌቶች ሥራ ያደናቅፋሉ፤ ጨጓራንም ይጎዳሉ። ስለዚህ ለወገብ ሕመም ሲወሰድ ችግር የማያመጣው መርፌ፣ ለደንጊ በሽተኛ ሲሆን የደም መፍሰስን በር ይከፍታል። የትኩሳቱ ስም ቀደም ብሎ ቢታወቅ ወይም ቢያንስ ቢጠረጠር ኖሮ ያ መርፌ ባልተወጋ ነበር። በአካባቢያችን «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» የሚለው ልማድ ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛውና በቤተሰብ ዘንድ ፈጽሞ የማይታወቀው ነገር፣ ደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲበርድ መሆኑ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ፣ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ የደም ሥሮች ግድግዳ ውሃ ማሳለፍ ይጀምራል። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይወጣል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ይህ አደገኛ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። እናት ልጄ ዳነ ብላ እፎይ የምትልበት ሰዓትና ልጁ ወደ ሐኪም መሮጥ ያለበት ሰዓት አንድ ላይ ሲገጣጠሙ አስቡት! ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ነገ ማለት አይገባም። የበሽታውን ስም ያወቀች እናት ግን ትኩሳቱ ሲወርድ አትዘናጋም፤ ይልቁንም ዓይኗን ከልጇ ላይ አታነሣም።

አብዛኞቹ ሕሙማን በአላህ ፈቃድ ያለ አንዳች ችግር ይድናሉ፤ ጭራሽ ሳይታመሙ የሚያልፉትም ብዙ ናቸው። ይህን የምለው አንባቢ በከንቱ እንዳይደነግጥ ነው።

ትኩሳት ሁሉ አንድ መልክ አለው

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደንጊንና ቺኩንጉንያን፣ ወባንና ታይፎይድን በዓይን መለየት ለልምድ ሐኪምም ያስቸግራል። በዋይዳል ምርመራ ላይ መተማመንም ትልቅ ስሕተት ነው። ምርመራው የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ስለሆነ፣ ከዓመታት በፊት የነበረ ወይም ሌላ በሽታ ያመጣውን ምልክት ዛሬ ታይፎይድ አለ ብሎ ሊያስነግር ይችላል።

ወባስ? በዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። ከእስያ የተነሣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘ፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ግንኙነት እንዳለው ተረጋገጠ። ይህ ትንኝ እንደሌሎቹ የወባ ትንኞች በረግረግ ብቻ የሚወሰን ሳይሆን፣ ልክ እንደ ደንጊ አስተላላፊዋ ኤደስ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ይራባል። እንግዲህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ በርሜል፣ ወባም ደንጊም ሊፈለፈል ነው ማለት ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊታመም ስለሚችል ስለ ደንጊ ስናወራ የወባው ምርመራ ይቅር ማለታችን አይደለም። ወባ መድኃኒት አለው፤ ካልታከመም ይገድላልና ምርመራው ምንጊዜም ይቀድማል።

ቫይረሱን በፊደሉ መያዝ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ሳይንስ ይህን ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ በስሙ ለመጥራት የሚያስችል መንገድ አግኝቷል። ፒ.ሲ.አር የሚለውን ስም በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ሰምተናል። ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

የደንጊ ቫይረስ በውስጡ የያዘው 11 ሺህ ገደማ ፊደላት ያሉት አንድ ረጅም ክር ነው፤ አር.ኤን.ኤ ይባላል። በታማሚው ደም ውስጥ ይህ ክር ቢኖርም በማናቸውም ተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቫይረሱን በዓይን ለማየት አይደክሙም፤ ከጽሑፉ ውስጥ የደንጊ ብቻ የሆነን አንድ አጭር አንቀጽ መርጠው እሱን ያባዙታል።

በቁርኣን ቤት ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ደረሳ በለውሑ ላይ የተጻፈችውን አንዲት መስመር በሌላ ለውሕ ላይ ገለበጠ እንበል፤ ሁለት ለውሕ ሆነ። ሁለቱ እንደገና ሲገለበጡ አራት፣ አራቱ ሲገለበጡ ስምንት ይሆናሉ። ይህ ሠላሳ ጊዜ ቢደጋገም የለውሖቹ ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል። (ያላመናችሁ ልጆች እርሳስና ወረቀት አንሡና አባዙት፤ አባታችሁም ቢሆኑ መጀመሪያ አያምኑም።) በላቦራቶሪውም የሚሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያ የቫይረሱ ሽፋን በኬሚካል ተሰብሮ ክሩ ይወጣል። አር.ኤን.ኤ በቀጥታ ስለማይባዛ አንድ ኢንዛይም ወደ ዲ.ኤን.ኤ ይገለብጠዋል። ከዚያ የተመረጠውን አንቀጽ መነሻና መድረሻ የሚያውቁ ሁለት አጫጭር ምልክቶች ይጨመራሉ። መሣሪያው ናሙናውን እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል፤ ጥንዱ ክር ይለያያል። ወደ 60 ገደማ ሲያበርደው ምልክቶቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ግልበጣውም ይካሄዳል። እንደገና ማሞቅ፣ እንደገና ማብረድ፤ አርባ ዙር ገደማ። ደሙ ውስጥ የደንጊ ጽሑፍ ከሌለ ምልክቶቹ የሚይዙት ስለማያገኙ ምንም አይባዛም። ካለ ግን እየተባዛ በሄደ ቁጥር አብሮ የተጨመረው ቀለም ያበራል፤ መሣሪያውም ብርሃኑን ይቆጥራል። ብርሃኑ ቀድሞ ከታየ ቫይረሱ ብዙ ነበር ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ያሰበው አሜሪካዊው ኬሪ ሙሊስ በ1983 ሲሆን በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በ95 ዲግሪ የማይበላሸው ገልባጭ ኢንዛይም የመጣው በአሜሪካ የሎውስቶን በሚባል ቦታ በፍል ውሃ ውስጥ ከምትኖር ባክቴሪያ ነው። በ1960ዎቹ ባክቴሪያዋን ያጠናት ሰው ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ አልነበረም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ሕያው ነገር እንዴት ይኖራል ብሎ እንጂ። ሱብሓነላህ! በሶደሬ ፍል ውሃ የታጠበ ሰው ይህን ሲያስብ አይገርመውም?

የፒ.ሲ.አር አንዱ ጥቅም በአንድ ናሙና ብዙ መጠየቅ መቻሉ ነው። በ2016 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያዘጋጀው አንድ ምርመራ ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ዚካን ለይቶ ይናገራል። ደንጊ ራሱ አራት ዓይነት ስላለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚለይ ፒ.ሲ.አርም አለ። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ በአንዱ ዓይነት የታመመ ሰው ያንኑ ደግሞ አይፈራም፤ በሌላው ዓይነት ሲያዝ ግን የመጀመሪያው ጊዜ መከላከያ አንዳንዴ ለቫይረሱ መግቢያ ይሆንና ሕመሙ ሊከፋ ይችላል። የአንድ ከተማ ጤና ባለሥልጣናት አዲስ ዓይነት መግባቱን ቀድመው ካወቁ ሆስፒታሎቻቸውን ያዘጋጃሉ።

የመሣሪያው ሥራ ናሙና ማዘጋጀቱን ጨምሮ ግማሽ ቀን አይሞላም። ይህንንም ለማሳጠር በ2000 ጃፓናውያን ላምፕ የሚባል ዘዴ አስተዋወቁ። ላምፕ ማሞቅና ማብረድ አያስፈልገውም፤ በ65 ዲግሪ ገደማ ባለ አንድ ሙቀት ላይ ይባዛል። በመሆኑም ውድ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ በቀላል ማሞቂያ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ውጤቱን በቀለም ለውጥ በዓይን ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጠላቱ ጥንቃቄ ማጣት ነው። የተባዛው ናሙና ክዳኑ ቢከፈት ጠብታዋ ወደ ሌላው ሰው ናሙና ትሻገራለች፤ ጤነኛውም ታማሚ ይባላል። ስለዚህ ፈጣን የሆነ ሁሉ ትክክል ነው ብሎ መቀበል አይገባም።

ቀኑን የማያውቅ ላቦራቶሪ

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ያዙልኝ፤ የምርመራው ትርጉም በቀኑ ይወሰናል።

ቫይረሱ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ትኩሳቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ አምስተኛው ቀን ገደማ ነው፤ ሲበዛ እስከ ሰባተኛው። ፒ.ሲ.አር የሚያስተማምነው በዚህ ጊዜ ነው። በስምንተኛው ቀን ደም ሰጥቶ «የለም» የተባለ ሰው ደንጊ አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ ከደሙ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከአራተኛ አምስተኛ ቀን በኋላ ሰውነት ያዘጋጀው አንቲቦዲ ይታያል፤ እሱን የሚያይ ሌላ ምርመራ አለ። ችግሩ አንቲቦዲው ለሁለት ሦስት ወር ስለሚቆይ የዛሬውን ትኩሳት በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ከቢጫ ወባና ከዚካ አንቲቦዲ ጋርም ይምታታል። ሦስተኛው፣ ኤን.ኤስ.1 የሚባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን የሚያሳየው የእጅ መመርመሪያ ነው። መልኩ እንደ ወባው ፈጣን መመርመሪያ ሆኖ ውጤቱን በሃያ ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። ርካሽ ነው፤ ለጤና ጣቢያ ይመቻል፤ ግን በሁለተኛ ጊዜ ታማሚዎች ላይ ሊያመልጠው ይችላል፤ የትኛው ዓይነት ደንጊ እንደሆነም አይለይም።

እንግዲህ ቤተሰቡ «ትኩሳቱ መቼ ጀመረ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሰነባብቷል» ብሎ ከመለሰ፣ ላቦራቶሪው የትኛውን ምርመራ እንደሚመርጥና ውጤቱን እንዴት እንደሚያነብ ይቸግረዋል። ሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ? ከዙህር በፊት ነው ወይስ ከመግሪብ በኋላ? ለሐኪሙ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ናሙናው የሚጓዘው መንገድ

ምርመራው ራሱ ሰዓታት ብቻ ቢፈጅም መልሱን ለሳምንታት የሚያዘገየው መንገዱ ነው። አር.ኤን.ኤ በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑ ደሙ በበረዶ ሣጥን መጓዝ አለበት፤ የድሬዳዋን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ለማረጋገጫም አንዳንዴ ባሕር ማዶ ይላካል። በ2020 በጉራጌ ዞን ቢጫ ወባ በተነሣ ጊዜ አዲስ አበባ ከተመረመረ በኋላ የማረጋገጫው ቃል የመጣው ከዩጋንዳ ኢንቴቤ፣ በ1936 ለቢጫ ወባ ጥናት ከተቋቋመው የቫይረስ ምርምር ተቋም ነው።

በዚያው በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ እንደነበር እናስታውሳለን። ከዚያ ግን አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ በወራት ውስጥም በየክልሉ ከተሞች የፒ.ሲ.አር መሣሪያና ባለሙያ ተገኘ። ይህ ከዚያ ክፉ ዘመን የተረፈን ትልቅ ሀብት ነው። ለኮሮና ያገለገለው መሣሪያ፣ የሚጨመሩት ምልክቶችና ኬሚካሎች ሲለወጡ ደንጊንም ያነባል። በእኔ አስተያየት በምሥራቁ ክፍል ትኩሳት በበዛ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጥቂት ሕሙማን ደም እዚያው ተመርምሮ መልሱ በማግስቱ ለከተማው የማይነገርበት ምክንያት መኖር የለበትም። ሁሉም ታማሚ ፒ.ሲ.አር ይደረግለት ማለቴ አይደለም፤ ያ አይቻልም፤ ወረርሽኙ ከተረጋገጠም በኋላ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ግን የመላው ከተማ ደወል ናቸው።

ለዑምራና ለሐጅ የሚሄዱ፣ ወይም በዐረብ አገር ሠርተው የሚመለሱ ቤተሰቦቻችንም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ደንጊ በጂዳ ከ1994 ጀምሮ ይታወቃል፤ በመካም ተከስቷል። ከጉዞ በተመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐኪሙ ካልጠየቀ እነሱ ቀድመው ይናገሩ።

መልሱ እስኪመጣ በቤት ውስጥ

ትኩሳት ያለበት ሰው በቀንም ቢሆን በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ኤደስ ቢምቢ የምትነክሰው በአብዛኛው በቀን ነው፤ ታማሚውን የነከሰች ቢምቢ ከቀናት በኋላ የቤቱን ሰው በሙሉ ልታስታምም ነውና። ውሃ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ሾርባ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ረመዷን ከሆነም ለታመመ ሰው ሸሪዓው ማፍጠርን የፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ብቻ።

ሌላው የውሃችን ነገር ነው። ድሬ ላይ ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ የመስጊዱም የውዱእ ውሃ በበርሜልና በጀሪካን ይጠራቀማል። ቢምቢዋ እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ፣ ከዚያም በጨርቅ ወይም በክዳን በደንብ መሸፈን ነው። ከእንቁላል ወደሚበር ቢምቢ ለመድረስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ስለሚበቃው በሳምንት አንድ ጊዜ ማድረግ ግድ ይላል። ጁሙዓ ጠዋት ቢሆን ለማስታወስ ይቀላል፤ የመስጊዱን ወጣቶች ለመስጊዱ በርሜል፣ ልጆችን ለቤቱ። በግቢ የተጣለ አሮጌ ጎማም አይረሳ።

አክስቴ ዛሬም ሳቢያን ናቸው። ያ ልጅ አግብቶ የራሱን ልጅ ወልዷል። ባለፈው ሄጄ ሳያቸው በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሂጅራ ካላንደር አንድ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ አየሁ። ዒድ መስሎኝ ጠየቅኋቸው። «አይደለም» አሉኝ፤ «የልጅ ልጄን ትኩሳት የጀመረው ያን ቀን ከዐስር በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ስንሄድ መቼ ጀመረው ብለው ይጠይቁ የለ?»